ለሕፃናት ምጥን ዱቄት ማዘጋጃ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የወረዳችን ተወላጆችና ወዳጆች፣

በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን በጤና ጣቢያ ታክሞ ክብደቱ ሲመለስ ዳነ ብለን እፎይ እንላለን፤ በአንጀቱ የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን ገና ላያገግሙ ይችላሉ። በባንግላዲሽ ዋና ከተማ በዳካ፣ ሚርፑር በተባለ የድሆች መኖሪያ፣ ተመራማሪዎች የጤነኛ ሕፃናትን ሰገራ እስከ 2 ዓመታቸው በየወሩ ሲመረምሩ፣ የአንጀት ባክቴሪያዎችም ከልጁ ዕድሜ ጋር በቅደም ተከተል እንደሚጎለምሱ አዩ። መጀመሪያ በእናት ጡት ወተት የሚበለጽጉት ቢፊዶባክቴሪያዎች ያመዝናሉ፤ ልጁ ተጨማሪ ምግብ ሲለምድ የእህልንና የጥራጥሬን ፋይበር የሚያብላሉ ሌሎች ዓይነቶች ይበረክታሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ይኸው ጥናት፣ በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ ልጆች ባክቴሪያዎች ከዕድሜያቸው በታች ሆነው መገኘታቸውን፣ በሕክምና የመጣው መሻሻልም ከፊልና ጊዜያዊ መሆኑን አሳየ።

ጥናቱን ያካሄደው የተመራማሪዎቹ የጄፍሪ ጎርደንና የታህሚድ አህመድ ቡድን በዚህ አላበቃም። ከሽምብራ፣ ከለውዝ፣ ከአኩሪ አተርና ካልበሰለ ሙዝ ያሰናዱትን ምግብ መካከለኛ የምግብ እጥረት ላለባቸው ከ12 እስከ 18 ወር ለሆኑ ሕፃናት ለ3 ወራት ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ውጤት፣ ይህ ምግብ ከተለመደው ደጋፊ ምግብ ያነሰ ካሎሪ ይዞ ሳለ ልጆቹ የተሻለ ክብደት ጨመሩ። እኛን ያነሣሣን ይህ ነው፤ ልጅን ማጥገብ ብቻ ሳይሆን በምን እንደምናጠግበውም ልንጨነቅበት ይገባል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረዋል። በእኛም ቀበሌዎች ከሕክምና የወጣ ሕፃን የሚመለሰው ወደ ቀጭን የበቆሎ አጥሚት ነው። የእናቶች ማኅበራችን ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና ለውዝ ከእህል ጋር መጥኖ ለገንፎ የሚሆን ዱቄት ያዘጋጃል፤ ሆኖም ቆልቶ በእጅ መፍጨት አድካሚ ነው፣ እርጥበት የነካው ለውዝም ሻጋታው መርዛማ ስለሚሆን በሚገባ ደርቆና ተለቅሞ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ የምንሰበስበው ገንዘብ ለወፍጮ፣ ለመቁያ ምጣዶች፣ ለማድረቂያ ሸራና ከመሬት ከፍ ላለ ማከማቻ ይውላል። ዱቄቱ በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ሕክምና አይተካም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የልጆቹን ክብደትና የክንድ ዙሪያ እየለኩ ይከታተላሉ።

ገንዘብ መስጠት የማይመቻችሁ ሽምብራ በኩንታል ብትሰጡ በደስታ እንቀበላለን። ሽምብራ በየካቲት ገበያ ረከስ ስለሚል፣ የምትችሉትን ከዚያ በፊት ለማኅበሩ ገንዘብ ያዥ አስረክባችሁ ደረሰኝ እንድትቀበሉ በአክብሮት እንጠይቃለን።