አባባ፣ ለልጄ ያሏትን ሰማሁ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? የዓይንዎ ኦፕራሲዮን በሰላም ማለቁን ወንድሜ ደውሎ ነገረኝ። ተመስገን። ጠብታውን በሰዓቱ ያድርጉ፤ እንዳያሹት ደግሞ። ፊደሉን አተልቄ የጻፍኩት ራስዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው። ሌላ ሰው እንዲያነብልዎ አልፈልግም። ቀስ ብለው፣ እያረፉ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። የትንሹ የፊት ጥርስ ወለቀ። ትልቋ በቁመት ልትደርስብኝ ነው። ይህን ደብዳቤ ያጻፈችኝም እሷ ናት።

ባለፈው በስልክ "ፓይለት ነው የምሆነው" ስትልዎ፣ "ሆስተስ ብትሆኚ አይሻልም?" አሏት። ስልኩን እንደዘጋች መጥታ "እማዬ፣ ለሴት ይከብዳል እንዴ?" አለችኝ። እኔንም ያኔ ያሉኝ ይህንኑ ነበር። በእርጋታ ነው ያሉኝ፤ ክፋት አልነበረበትም። ግን ቃሉ እስከ ፓይለቱ ክፍል፣ እስከ ኮክፒት ድረስ ተከተለኝ።

ሥልጠና ላይ ሳለሁ የጎን ነፋስ ሲኖር ማሳረፍ አቃተኝ። አንዴ ሁለቴ አይደለም። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደፊት ባስጠጋውም እግሬ የአውሮፕላኑን አፍንጫ የሚያቀናውን ፔዳል እስከ ጥጉ አይገፋውም። እኔ ግን አልችልም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። አባባ እውነታቸውን ነው አልኩ። ያተረፈችኝ አሰልጣኜ ናት። ምክር አላበዛችም። ከጀርባዬ ወፍራም ትራስ ወሸቀችና "አሁን ርገጪው" አለችኝ። ደረሰ። ብዙዎቹ ኮክፒቶች የተሠሩት በወንድ ልክ ነው፤ ይህን የሚነግራቸው አጥተው የተዉትን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ዛሬ እኔም አሰልጣኝ ነኝ። ሴት ሰልጣኝ ስትመጣ መጀመሪያ የማየው አቀማመጧን ነው። ቀጥሎ ከቀደሟት ሴቶች ጋር አገናኛታለሁ። ወልዳ የምትመለስም አለች። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነስታ ካላረፈች መንገደኛ ይዛ መብረር አትችልም፤ ስለዚህ ሲሙሌተር፣ ማለትም የበረራ መለማመጃ ማሽን፣ ገብታ እጇን እስክታፍታታ የሚታገሳት አለቃ ያስፈልጋታል። አሜሪካዊቷ ፓይለት ቤሲ ኮልማን ጥቁርም ሴትም ስለሆነች አሜሪካ ውስጥ የሚያስተምራት አጥታ፣ ፈረንሳይኛ ተምራ፣ ባሕር ተሻግራ ነው በ1921 እ.ኤ.አ. የበረራ ፈቃድ ያገኘችው። ይኸው 100 ዓመት አለፈ። ዛሬም በዓለም ላይ ከ100 ፓይለት 10ሩ እንኳ ሴት አይደሉም። ልጄ እንደ ቤሲ ባሕር መሻገር የለባትም። ከቤቷ ሰው "ትችያለሽ" ከተባለች ይበቃታል።

ስመረቅ፣ የፓይለትነት ምልክቱ ክንፍ ደረቴ ላይ የተደረገልኝ ቀን አልመጡም። ፎቶው አለኝ። እማማ ቦርሳዋን እርስዎ ወንበር ላይ አስቀምጣዋለች። ለምን ብዬ ጠይቄዎት አላውቅም። ፈርተው ነበር? ትወድቅብኛለች ብለው? እንደዚያ ከሆነ ይንገሩኝ አባባ። እኔ እስከ ዛሬ ያፈሩብኝ ነበር የሚመስለኝ። ትምህርት ቤት ያስገቡኝ፣ ደብተሬን በላስቲክ የሸፈኑልኝ እርስዎ ነዎት፤ አልረሳሁም።

ዓይንዎ ሲሻለው ለልጅቷ ይደውሉላት። የጎን ነፋስ ሲመታው የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወዴት እንደሚዞር ይጠይቋት። ታውቀዋለች። ማክሰኞ ከሰዓት ቤት ናት።

ልጅዎ