ዳታሽን አትንኪው፦ ደብዳቤ ለልጄ ለትዕግሥት

ይድረስ ለልጄ ለትዕግሥት። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በርበሬ እያስፈጨች ነው፤ መንገደኛ ሲገኝ ከሽሮው ጋር ይላክልሻል።

ሐሙስ ማታ በስልክ የነገርሽኝ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። የመመረቂያ ጥናትሽ ሲግኒፊካንት አልወጣም፤ ያየሽው ልዩነት በዕድል ብቻም ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። መጠይቅሽን የሞሉልሽ 120 ተማሪዎች ናቸው፤ ኮምፒውተሩ 0.11 አለሽ፤ «ወጣ» ለመባል ደግሞ ከ0.05 ማነስ ነበረበት። ከዚያ ካንቺ በፊት የተመረቀ አንድ ልጅ «እነዚህን ዘጠኝ ሰዎች አውጪያቸውና እንደገና ሥሪው፣ ይወጣልሻል» አለሽ። እንዳለውም ወጣ፤ 0.04። «አባዬ ሁሉም የሚያደርገው ነው» አልሽኝ። ዝም አልኩሽ። ተቆጥቼ እንዳይመስልሽ። የምመልስልሽ ነገር በስልክ የሚያልቅ ስላልነበረ ነው።

መልሱን ላስቀድምልሽ። አትንኪው። ዘጠኙን ሰዎች ወደ ቦታቸው መልሻቸው፣ «ልዩነት አላገኘሁም» ብለሽ ጻፊ።

ለምን እንደምልሽ ደግሞ ቀስ ብዬ ልንገርሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

እንደምታውቂው እዚህ ጎንደር ከሃያ ዓመት በላይ መምህር ለሚሆኑ ልጆች ሳይኮሎጂ አስተምሬያለሁ። ከሁሉ የምወደው የማኅበራዊ ሥነ ልቦናው ክፍል ነበር። ታሪኩ ራሱ ይስባል። በ1898 ኖርማን ትሪፕሌት የሚባል አሜሪካዊ ብስክሌተኞች ብቻቸውን ከሚነዱ ይልቅ ከሌላ ሰው ጋር ሲሆኑ ለምን እንደሚፈጥኑ ገረመውና፣ ሕፃናት የዓሣ ማጥመጃ ክር እንዲጠቀልሉ እያደረገ ነገሩን ሞከረው። ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። ኩርት ሌዊን ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ከጀርመን ወጥቶ አሜሪካ ገባ፤ የሰው ጠባይ ከሰውየውም ካለበት ሁኔታም ይመነጫል ብሎ አስተማረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሙያው ሰዎች አንድ ጥያቄ አልለቃቸው አለ፦ ሰላማዊ የሚመስል ሰው እንዴት ያን ሁሉ ግፍ ይሠራል? ስታንሊ ሚልግራም በ1961 የል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያን ሙከራ ያደረገው ለዚህ ነው። ጋውን የለበሰ ሰው «ቀጥል» እያለ ያዝዛል፤ ተሳታፊው ደግሞ በሌላ ክፍል ያለውን ሰው በኤሌክትሪክ የሚነዝር ይመስለዋል። ንዝረቱ የውሸት ነው፣ እሱ ግን አያውቅም። ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው 450 ቮልት ድረስ ሄዱ። ይህን ባስተማርኩ ቁጥር ክፍሉ ጭጭ ይል ነበር።

አሁን ከሚቆጨኝ አንዱን ልንገርሽ።

በ1964 ኒውዮርክ ውስጥ ኪቲ ጄኖቬዝ የምትባል ወጣት ሌሊት ላይ ተገደለች። አንድ ትልቅ ጋዜጣ 38 ሰዎች እያዩ ዝም አሉ ብሎ ጻፈ። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከዚያ ተነስተው በ1968 ሙከራቸውን አወጡ። አንድ ሰው በኢንተርኮም ሌላ ሰው በሕመም ሲጣጣር ይሰማል። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ካሰበ ከ100 ሰው 85ቱ ለመርዳት ይነሳል፤ ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብሎ ካሰበ ግን 31ዱ ብቻ። እኔ ሁለቱን አጣብቄ «ሰው በበዛ ቁጥር ረዳት ይጠፋል» ብዬ አስተማርኩ። አንድ ቀን ከአርማጭሆ የመጣ ተማሪ እጁን አወጣ። «መምህር፣ እነሱ አገር ገላጋይ የሚባል የለም እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም «ይሄ በሙከራ የተረጋገጠ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ልጁ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር የጠየቀው። በእኛ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ ሦስተኛው ይገባል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ስንት ጊዜ አይተሻል፤ ዱላ ሳይነሳ አንዱ መሃል ገብቶ ይይዛል፣ አንዷ እናት ነጠላዋን ዘርግታ ትለምናለች። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» እየተባለ ነው ያደግነው። በ2007 ሦስት ተመራማሪዎች የዚያን ግድያ የፍርድ ቤት ማስረጃ መርምረው፣ 38 ሰዎች ቆመው አዩ የሚለው ታሪክ ማስረጃ የለውም አሉ። በ2019 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ከአምስተርዳም፣ ከላንካስተርና ከኬፕታውን በካሜራ የተቀዱ 219 የመንገድ ጠቦችን አንድ በአንድ አዩ። ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ለመገላገል ገብቷል። ሰው በበዛ ቁጥር ደግሞ የሚገላግል የመገኘቱ ዕድል ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ፈረንጅም ገላጋይ አለው ማለት ነው! የ1968ቱ ሙከራ ውሸት ነው እያልኩሽ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው ሌላው ይነሳል ብሎ መለገሙ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ከዚያ ተነስቼ ስለ ሰው ልጅ ያን ያህል የከፋ ነገር ለብዙ መቶ መምህራን አስተምሬያለሁ፣ እነሱም ወስደው ለልጆች አስተምረውታል። ያን ተማሪ ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

ሁለተኛው የሚመለከተው አንቺን ነው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ዋልተር ሚሼል የሚባል ሰው ስታንፎርድ ውስጥ በሚገኝ መዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ፈተነ። ጠረጴዛ ላይ አንድ ጣፋጭ ይቀመጣል። «ተመልሼ እስክመጣ ካልበላሽው ሁለት ታገኛለሽ» ይባላል። ከዓመታት በኋላ፣ በ1990 በወጣው ጥናት፣ ረዘም ላለ ጊዜ የታገሡት ልጆች ሲያድጉ በፈተና የተሻለ ውጤት አምጥተው ተገኙ። ይህን ሳነብ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አንቺ አምስት ዓመትሽ ነበር፣ ወንድምሽ ሰባት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለየብቻ አስቀመጥኳችሁና ከረሜላ ፊታችሁ አድርጌ ወደ ግቢ ወጣሁ። ወንድምሽ 15 ደቂቃ ጠበቀ። አንቺ በላሽው። ወረቀቱንም አጣጥፈሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ ጠበቅሽኝ።

እንግዳ ነበር። እኔም በሰው ፊት «ስሟን ብቻ ነው ትዕግሥት ያልናት» አልኩ።

ያቺ ቃል ቤቱ ውስጥ ቀረች። አክስቶችሽ ደጋገሟት። ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሲከብድሽ እኔው ራሴ መልሼ አነሳኋት፤ ራሷን መግዛት የማትችል ልጅ ብዬ አስቤ ነበር፣ ሳይንስ ያረጋገጠልኝ መስሎኝ።

በ2018 ታይለር ዋትስና ባልደረቦቹ ያንኑ ነገር ከ900 በላይ ልጆች ላይ አዩት። በመታገሡና በኋላ ውጤቱ መካከል ያለው ዝምድና ከመጀመሪያው ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። የቤተሰቡን ኑሮና ልጁ ያደገበትን ሁኔታ ስሌቱ ውስጥ ሲያስገቡት ደግሞ ከዚያም አብዛኛው ጠፋ። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከጣፋጩ በፊት ለልጆቹ ሌላ ቃል ይገባላቸው ነበር፤ ለግማሾቹ ይፈጸማል፣ ለግማሾቹ አይፈጸምም። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ጠበቁ። የተዋሹት ሦስት ደቂቃ ያህል። የተፈተኑት 28 ልጆች ብቻ ናቸውና በብዙ ልጅ ላይ ሳይደገም በእጄ ጨብጫለሁ አልልም። ግን ሳነበው ልቤ ዱብ አለ፤ ከረሜላው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ለጥምቀት አዲስ ቀሚስ እገዛልሻለሁ ብዬሽ ነበር፣ ደሞዝ ዘገየና አልገዛሁም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እየተባለ በሚዘፈንበት ከተማ አንቺ አሮጌውን ለብሰሽ ነው ፋሲል መዋኛ የሄድሽው። ተመልሼ ሁለተኛ ከረሜላ እንደምሰጥሽ በምን ታምኚኝ?

እንግዲህ ይህን ያህል የተማረ ሰው በምን ተሳሳተ? አብዛኛው እንደ ወንጀለኛ የሚታይ አይደለም። ዘጠኝ ሰው እንደማውጣት ባለ ነገር ነው የተሳሳተው።

0.05 የሚባለው ቁጥር፣ ምንም ልዩነት በሌለበት ቦታ 20 ጊዜ ብትሞክሪ በአማካይ አንዴ በዕድል ብቻ «አለ» ይልሻል ማለት ነው። ዘውድና ጎፈር ስትጫወቺ አስቢው። ሳንቲም አምስቴ ወርውረሽ አምስቱንም ዘውድ የመውጣት ዕድሉ ከ32 አንድ ነው፤ ከተሳካልሽ ሰው ይገረማል። ግን ጎፈር በወጣ ቁጥር «ይሄ አይቆጠርም» እያልሽ ከወረወርሽ መቼም ቢሆን ይሳካልሻል። ሦስት ተመራማሪዎች በ2011 ይህንኑ ሆን ብለው ሠርተው አሳዩ። ያልተመቸውን ትቶ የተመቸውን ብቻ በመጻፍ፣ ተማሪዎች አንድ ዘፈን በማዳመጣቸው ዕድሜያቸው በአንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀነሰ የሚል ውጤት አወጡ። ዘፈን ዕድሜ አይቀንስም። ስሌቱ ግን ሲግኒፊካንት አለ። እንዲህ ያሉ ጥቂት ዘዴዎች ሲደራረቡ የስህተቱ ዕድል ከመቶ 5 ተነስቶ 61 እንደሚደርስም አሰሉ። ያልወጣው ጥናት ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ መጽሔት የሚያትመው የወጣውን ነው። እኛ ጎንደር ተቀምጠን የምናነበው ዘውድ የወጣበትን ብቻ ነበር።

ከዚያ ጉዱ ወጣ። ብራያን ኖሴክ 270 የሚሆኑ ተመራማሪዎችን አስተባብሮ በሦስት መጽሔቶች የወጡ 100 ጥናቶችን እንደገና አሠራ። ውጤቱ በ2015 ታተመ። መጀመሪያ ከመቶ 97ቱ ሲግኒፊካንት ነበሩ። ሲደገሙ ከመቶ 36ቱ። ከማኅበራዊ ሥነ ልቦና ከመጡት የቆመው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። የእኔ የምወደው ክፍል! ብዙ ቀን ለማንም ሳልናገር በሆዴ ይዤው ዞርኩ። የ1971ዱ የስታንፎርድ እስር ቤት ሙከራ እንኳን፣ ተማሪዎች ዘብና እስረኛ ሆነው የተጫወቱበትና ዘቦቹ በራሳቸው ጨካኝ ሆኑ ይባል የነበረው፣ ማኅደሩ ሲከፈት እንዴት እንዲሆኑ ሲመከሩ እንደነበር ታወቀ።

ግን ልብ በይልኝ፣ ይህን ሁሉ ያወጡት ራሳቸው የሙያው ሰዎች ናቸው። ዲዴሪክ ስታፔል የሚባለው የኔዘርላንድ ፕሮፌሰር ዳታ ከራሱ ፈጥሮ ሲጽፍ ኖሮ በ2011 ያጋለጡት ሦስት ወጣት ተመራማሪዎች ናቸው፤ ካንቺ ብዙም የማይበልጡ። ዳና ካርኒ የምትባል ተመራማሪ ደግሞ አለች። በ2010 ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር፣ ሰው ለጥቂት ደቂቃ እንደ ኃያል ተዘርግቶ ቢቆም ወይም ቢቀመጥ ሆርሞኑ ይለወጣል ብለው ጻፉ፤ 42 ሰዎች ላይ ነው። ሌሎች በ200 ሰዎች ሲደግሙት የሆርሞኑ ነገር አልተገኘም። እሷም በ2016 በአደባባይ «እውነት ነው ብዬ አላምንም» ብላ ጻፈች። ስሟን ያስጠራላትን ሥራ! ይህን ደብዳቤ ስጽፍልሽ እሷን እያሰብኩ ነው።

ሁሉም ደግሞ አልፈረሰም። 36 ላብራቶሪዎች ተባብረው 13 ግኝቶችን ሲደግሙ አሥሩ ቆመዋል። ጄሪ በርገር በ2009 የሚልግራምን ሙከራ 150 ቮልት ላይ አቁሞ ሲደግመው፣ ከመቶ 70ው ያህል ለመቀጠል ዝግጁ ነበር። ስለዚህ ዲፓርትመንት ልቀይር ያልሽውን እባክሽ ተይው። እንዲያውም ያንቺ ሥራ የሚያስፈልገው አሁን ነው። በ2008 አንድ ተመራማሪ እንደቆጠረው፣ በዋና ዋና የሳይኮሎጂ መጽሔቶች የተጠኑት ሰዎች ከመቶ 96ቱ የመጡት ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከያዙ የበለጸጉ አገሮች ነው። ያንቺ 120 ልጆች እዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። እነሱ ላይ ፈልገሽ አለማግኘትሽ ራሱ ዜና ነው።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ስንት መጠይቅ እንደበተንሽ፣ ስንት እንደተመለሰልሽ በግልጽ ጻፊ። 0.11ኗን እንዳለች አስቀምጫት። ዘጠኙ ሰዎች ሲወጡ 0.04 እንደሚሆን መጻፍ ካማረሽ እሱንም ጻፊው፣ ግን ውጤቱን ካየሁ በኋላ ነው ያወጣኋቸው ብለሽ። አማካሪሽ ቅር ካላቸው በትሕትና አስረጃቸው፤ ካስፈለገ እኔ እደውልላቸዋለሁ። ነጥብ ቢቀነስብሽ እኔ ቤት ማንም ቃል አይተነፍስም። ይህን ቃል እጠብቃለሁ። ወደፊት ሌላ ጥናት ስትሠሪ ደግሞ ማንን እንደምታስገቢና ማንን እንደምታስወጪ ዳታው ሳይሰበሰብ አስቀድመሽ ጽፈሽ አስመዝግቢ፤ አሁን ብዙ ተመራማሪዎች እንደዚያ ይሠራሉ።

ወንድምሽ ሰላም ብሎሻል። እናትሽ በርበሬው ዘንድሮ ይበረታልና በልክ አድርጊው ብላለች።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና ላብቃ። በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን አልጠየቅኩሽም። ያን ቅዳሜ እኔ ግቢ ቆሜ አንቺ ከረሜላዋን ስትከፍቻት ምን እያሰብሽ ነበር? የምታስታውሽው ካለ ስትደውዪ ንገሪኝ።

አባትሽ
ከጎንደር