ልጅ ሲያዝ ወላጅ ምን ይጠብቀዋል?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቅርቡ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ጎረቤቴ አንድ ፖስታ ይዛ መጣች። «አንቺ አንብቢልኝ፤ ልጄን ሊያስሩት ነው» ስትል እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደብዳቤው ግን ክስ አልነበረም፤ እናትና ልጅ ለማጣሪያ ቃለ መጠይቅ የተጠሩበት ነው።

በሜሪላንድ የልጅ ጉዳይ በአብዛኛው በቀጥታ ዳኛ ፊት አይቀርብም። ፖሊስ ፋይሉን ወደ ግዛቱ የወጣቶች አገልግሎት መምሪያ ይልካል። የመምሪያው አጣሪ ልጁንና ወላጁን አነጋግሮ ፋይሉን ሊዘጋው፣ ልጁ ያለ ክስ ክትትል እየተደረገለት እንዲቆይ ሊያደርግ ወይም ጉዳዩን ወደ ዐቃቤ ሕግ ሊመራው ይችላል። ፍርድ ቤት ከደረሰ ሰርኪዩት ኮርት የሚባለው የካውንቲው ፍርድ ቤት እንደ ወጣቶች ችሎት ሆኖ ያየዋል፤ ጁሪ (ከሕዝብ ተመርጦ ብይን የሚሰጥ ቡድን) የለም፤ ውሳኔውም እንደ አዋቂ የወንጀል ፍርድ አይቆጠርም። በጣም ከባድ ወንጀሎች ግን ሌላ መንገድ አላቸው፤ ልጁ እንደ አዋቂ ሊከሰስ ይችላል።

ወላጆቻችን ከሁሉ በላይ ሊያውቁት የሚገባው ይህ ነው፦ ከጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሜሪላንድ ፖሊስ የያዘውን ልጅ ከመመርመሩ በፊት ልጁ ከጠበቃ ጋር መማከር አለበት፤ ለወላጅም መነገር አለበት። እኛ ግን ልጆቻችንን «ለፖሊስ እውነቱን ተናገርና ውጣ» እንላለን። ከፍቅር ነው፤ ግን ልጁን ይጎዳል።

ጎረቤቴ እስከዚያ ቀን ድረስ የምታስተረጉመው በራሱ በተያዘው ልጇ ነበር። የ15 ዓመት ልጅ የገዛ ጉዳዩን ለእናቱ እንዴት አድርጎ ይተርጉም? እባካችሁ፣ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብትን በጋዜጣችሁ በአማርኛ አስረዱልን።

አንባቢያችሁ፣ ከሜሪላንድ