የመላእክቱን ዓይን ከሥር ሆናችሁ እዩት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ለፍቷል፣ ይበል ብያለሁ። የጥንት ሠዓሊዎቻችን የሰውን ፊት መጠን ስላላወቁ ዓይን ያጋንኑ ነበር ያለው ግን አልተዋጠልኝም።

ፒያሳ መነጽር ቤት አለኝ። ውዬ የማመሸው የሰው ፊት ስለካ ነው። በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለው ርቀት በጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ ደንበኛዬ ራሴን አመመኝ ብሎ ይመለሳል። ዓይን ፊት ላይ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ማንም ሠዓሊ ቀና ብሎ ቢያይ ያውቀዋል። ሆን ብለው ነው ያተለቁት።

እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቡና እዩ። ከደጅ ፀሐይ ሲገቡ ብሌን እስኪሰፋ ድረስ ቀለም በደንብ አይለይም። በዚያ ድንግዝግዝ ጣሪያው ላይ ቶሎ የሚታየው ምንድን ነው? በጥቁር መስመር የተከበበው የመላእክቱ የዓይን ነጭ! ወደ እናንተ የሚያየውን አንዱን መርጣችሁ ደግሞ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሂዱ። ዓይኑን አይነቅልባችሁም። ሥዕል ጠፍጣፋ ስለሆነ ብሌኑና ነጩ የትም ብትቆሙ አቀማመጣቸው አይለወጥም። የሕያው ሰው ግን ዞር ስትሉ ይለወጣል።

ደጉን ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን መሣልም የቆየ ልማድ ነው። አያቴ «ሰይጣን ዓይን ለዓይን እንዳይገጥመን ነው» ትል ነበር። ሴትዮዋ ፊደል አልቆጠረችም፣ ነገሩ ግን ገብቷታል።

ጥላ አያውቁም የተባለውማ ጭራሽ ስህተት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ፣ የጎንደር ሠዓሊዎች ጉንጭና አንገትን በጥላ እያለሰለሱ ይሥሉ ነበር። ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ የሄደ ሰው እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለው ያገኛቸዋል።

አንድ ቅሬታም አለኝ። ከጽሑፉ ጋር ያተማችሁት ፎቶ ተቆርጦ የተተለቀ አንድ የመልአክ ፊት ብቻ ነው፤ ያውም በብልጭታ የተነሳ። እንዲህ ሲታይ እኔም ብሆን ዓይኑ በዛ እላለሁ። ፎቶ አንሺያችሁ ሌላ ጊዜ ሲመጣ ብልጭታውን ያጥፋና ወለሉ ላይ ቆሞ ጣሪያውን በሙሉ ያንሳልን። አግዳሚ እንጨቶቹም ይግቡ።

መነጽር ሻጩ
ከጎንደር፣ ፒያሳ