ሕንድ ሄዳችሁ ሆስፒታሉን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅርቡ አንድ አንባቢያችሁ «ውጭ አገር መጎብኘት የሀብታም ጉዳይ ነው» ብለው የጻፉትን አነበብኩ። ስለ ፓሪስ ከሆነ አልከራከርም። ስለ ሕንድ ግን የምለው አለኝ። ከዚህ ከሐዋሳ ስንቱ ነው ለሕክምና ዴልሂ የሚሄደው? ንብረቱን ሸጦ፣ ዘመድ አዋጥቶለት ነው የሚሄደው። ሲመለስ «ሕንድ እንዴት ነው?» ብትሉት የሚያወራችሁ ስለ ሆስፒታሉ ኮሪደርና ስለ ክፍል ኪራይ ነው። እኔም የእህቴ አስታማሚ ሆኜ ነበር የሄድኩት። በጋንጅስ ወንዝ ዳር ያለችውን የሂንዱዎች ቅዱስ ከተማ ቫራናሲን ያየሁት በዚያው ነው። ወጪዬም ዴልሂ ቁጭ ብዬ ከማወጣው ብዙ አልበለጠም።

«ታማሚ ይዘሽ ሽርሽር?» ያሉኝ አልጠፉም። አልፈርድባቸውም። ግን ሐኪሙ ቁስሏ ደህና መሆኑን፣ ለሚቀጥለው ምርመራም ገና ጊዜ እንዳለ ነግሮናል። ባሏ አጠገቧ ነበር። ሂጂ ያለችኝም ራሷ ናት። አስታማሚም ሰው ነው። ፋይል አቅፎ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚብሰለሰል ሰው ለታማሚውም አይበጅም።

ማታ ከዴልሂ የሚነሳ ባቡር ጠዋት ቫራናሲ ያደርሳል። የአንድ ሌሊት የአልጋ ኪራይ ተረፈላችሁ ማለት ነው። ስሊፐር የሚባለው ማዕረግ ከ500 ሩፒ በታች ነበር። አልጋው ባለ ሦስት ደርብ ነው፣ ኤሲ የለውም፣ ብርድ ልብስም አይሰጡም። ጋቢ ያዙ። ብቻዋን የምትሄድ ሴት የላይኛውን አልጋ ብትጠይቅ ጥሩ ነው፤ እዚያ ማንም መጥቶ አይቀመጥም። ትኬቱን ኒው ዴልሂ ባቡር ጣቢያ አንደኛ ፎቅ ላይ ካለው የውጭ አገር ጎብኚዎች ቢሮ በፓስፖርታችሁ ግዙ። ደጁ ላይ «ቢሮው ተዘግቷል፣ ቦታ ቀይሯል» እያለ ወደ ጉዞ ወኪል ሊወስዳችሁ የሚሞክር ደላላ አይጠፋም። አትስሙት። ደረጃውን ውጡ።

ጋንጅስ ወንዝ ቫራናሲ ላይ ወደ ሰሜን ነው የሚፈሰው። ከተማው ያለው በምዕራቡ ዳር ነው፤ ማዶው አሸዋ ነው። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይዋ ከወንዙ ባሻገር ፊት ለፊታችሁ ትወጣለች። ወደ ውኃው የሚወርዱት የድንጋይ ደረጃዎች ጋት ይባላሉ፤ ከ80 በላይ ናቸው። በር የለ፣ የመግቢያ ክፍያ የለ። ደቡብ ካለው አሲ ጋት ተነስቶ ዳር ዳሩን መራመድ ነው። አንዱ ይታጠባል፣ አንዱ ይጸልያል፣ ልጆች ክሪኬት ይጫወታሉ። ማታ ዳሻሽዋሜድ ጋት ላይ ካህናቱ ትልልቅ የነሐስ መብራት እያዞሩ ለወንዙ ይጸልያሉ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ማየት በነጻ ነው። ጀልባ ከፈለጋችሁ ዋጋውን ሳትቆርጡ እግራችሁን አታስገቡ።

ማኒካርኒካ ጋት ላይ ሬሳ ቀንም ሌሊትም ይቃጠላል። ሂንዱዎች ካሺ የሞተ ሰው ዳግም ከመወለድ ነጻ ይወጣል ብለው ያምናሉ። ካሺ የከተማዋ የድሮ ስም ነው። ከታማሚ አልጋ አጠገብ ለመጣ ሰው ይከብዳል፤ እኔ ጥቂት ቆሜ ሄድኩ። ፎቶ አታንሱ፣ ለቅሶ ነው። ለማገዶ መግዣ እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁ ይመጣሉ፤ በትሕትና እለፏቸው።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ስለዚህ ማዳንፑራ ሰፈር ውስጥ የመወርወሪያ ድምፅ ስሰማ እግሬ ራሱ ነው ያቆመኝ። በሩ ክፍት ነበር። ሽማግሌው እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው ተቀምጠዋል፣ ልክ እንደ አባቴ። ድሩ ግን ሐር ነው፣ ከፀጉር ይቀጥናል። ከራሳቸው በላይ ብዙ ቀዳዳ ያላቸው ካርዶች በገመድ ተያይዘው ተንጠልጥለዋል። መርገጫውን ሲረግጡ አንድ ካርድ ይዞራል። የትኛው ክር ተነሥቶ የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው ያ ቀዳዳ ነው። የወርቅ ቀለም ያለው ማግ ሲያልፍ አበባው ጥቂት በጥቂት ይወጣል። አንድ ሳሪ፣ የሕንድ ሴቶች የሚለብሱት ረጅም ልብስ፣ ሳምንታት ይፈጃል። ሸማኔዎቹ በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፤ ሳሪውን ለብሰው የሚዳሩት ደግሞ ብዙዎቹ የሂንዱ ሙሽሮች ናቸው። በምልክት አባቴም ሸማኔ እንደነበር አስረዳኋቸው። ገባቸው። ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝና ሻይ አዘዙልኝ። ከጉብኝቴ ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ሳሪ መግዛት ካማራችሁ ግን ደላላ ተከትላችሁ ሱቅ አትግቡ፤ ኮሚሽኑ እናንተው ላይ ነው የሚጨመረው።

ሳርናት ከቫራናሲ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በጋራ ባጃጅ ይኬዳል። ቡድሃ መጀመሪያ ያስተማረው እዚያ ነው። የጥንቱ የሕንድ ንጉሥ አሾካ ባቆመው ዓምድ አናት ላይ የነበሩት አንበሶች ሙዚየሙ ውስጥ ናቸው። ሩፒው ላይ ሦስት ሆነው ነው የሚታዩት፤ እዚያ ዞራችሁ አራተኛውን ታዩታላችሁ። ሙዚየሙ ዓርብ ዝግ ነው።

ለጾመኛ ምግብ አያስቸግርም። ጠዋት ካቾሪ የሚባል የተጠበሰ ሊጥ ከድንች ወጥ ጋር በቅጠል ሳህን ይሸጣል። ቅቤ እንዳለው ግን ጠይቁ።

ክረምቱ ከእኛው ጋር ይገጥማል፤ ያኔ ወንዙ ሞልቶ ደረጃዎቹን ይውጣል፣ ጀልባም ይከለከላል። ሚያዝያና ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ታኅሣሥና ጥር ጉም ባቡሩን ለሰዓታት ሊያዘገይ ስለሚችል ከሐኪም ቀጠሮ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን ትርፍ ያዙ። በዚህ አትቀልዱ።

አዘጋጆቹን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለሕክምና ሕንድ የሚሄዱ ቤተሰቦች ስለ ባቡሩ፣ ስለ ማረፊያው፣ ስለ ደላላው የሚያነቡት አንድ ገጽ አዘጋጁላቸው። ደርሰው የመጡ ሰዎች ሐዋሳ ውስጥ ሞልተዋል። የእኔ የወጪ ደብተር እጄ ላይ ነው፤ ከፈለጋችሁ እልክላችኋለሁ።

አንባቢያችሁ
ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ