እማዬ፣ ስለ ማድ ቤቱ ቆጥ

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ባለፈው እሁድ ልጄ በስልክ «አያቴ፣ እማዬ ልጅ ሆና ጦርነት ነበር እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅሽ ሰምቻለሁ። «ነበር የኔ ጌታ፣ እናትህ ግን ሕፃን ስለነበረች ምኑንም አታውቀው» አልሽው። ከጎኑ ሰሃን እያጠብኩ ዝም አልኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

አውቃለሁ እኮ እማዬ።

በ1982 ስምንት ዓመቴ ነበር። ጦርነቱ ሰሜን፣ እኛ ቄራ። ምጽዋ በየካቲት ከተያዘች ወዲህ አፈሳው ሲብስ ግን እኛም ማድ ቤት ገባ። የውትድርናው አዋጅ ከ18 እስከ 30 ይላል፤ አፋሾቹ የሚያዩት ቁመት ነው። ጋሽዬ ገና 17 ነበር፣ ቁመቱ ግን የአባዬ። ቆጡ ላይ አወጣሽው፣ ከበርበሬው ጆንያ ጀርባ። እንጀራ ስትጋግሪ ጭሱ ያፍነውና ያስለዋል። እሱ ባሳለ ቁጥር አንቺም ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብለሽ ታስያለሽ፣ ጎረቤት የሰማው ሳል ያንቺ እንዲመስል። ነገሩ የገባኝ በሁለተኛው ቀን ነው፤ ከዚያ እኔም ማሳል ጀመርኩ። አንቺ ግን ብርድ የመታኝ መስሎሽ ጤና አዳም አጠጣሽኝ!

ሥራዬ በር ላይ ቅልብልቦሽ እየተጫወትኩ መንገዱን ማየት ነበር። ሰዎቹ ብቅ ካሉ «እማዬ ውሃ ጠማኝ» ብዬ እጮሃለሁ። ወንድምሽስ ካሉኝ ደግሞ «ጅማ፣ አክስቴ ጋ ሄዷል»። ውሸት ኃጢአት ነው ስትይኝ ኖረሽ ይህቺን ያስጠናሽኝ አንቺው ነሽ፣ ከአባታችን ሆይም ቀድማ ነው የገባችልኝ።

አሁን የምነግርሽን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጋሽዬ የተያዘ ቀን አንቺ ገበያ ነበርሽ። ከቆጡ ላይ ሆኖ «ሚሚዬ፣ ሰው አለ?» አለኝ። ጠጠሬን ወደ ላይ ወርውሬ ልቀልብ ነበር። መንገዱን ሳላይ «የለም» አልኩት። ወረደ። ሽንት ቤት እንኳ ሳይደርስ ግቢው ውስጥ ያዙት። አንቺ እስከ ዛሬ ጎረቤታችን ናት የጠቆመችብን ትያለሽ፣ ከሴትዮዋ ጋር ሰላምታ ካቆማችሁ ስንት ዘመናችሁ። እኔ ነኝ እማዬ።

ግንቦት 1983ንም አስታውሳለሁ። መንግሥቱ በ13 ወጣ፣ በ20 ኢሕአዴግ ገባ፣ ሰፈሩ በሚለምን ወታደር ተሞላ። አንቺ ለእያንዳንዱ እንጀራ እየሰጠሽ «ክፍለ ጦርህ የት ነበር ልጄ?» ትያለሽ፤ እኔ ውሃ እያቀበልኩ እግር እግራቸውን አያለሁ፣ የጋሽዬን እግር ስለማውቀው። በ27 ሊነጋጋ ሲል ንፋስ ስልክ ያለው የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ እላዬ ላይ ተደፍተሽ «ማርያም ማርያም» ስትይ፣ እኔ የማስበው ስለ ቆጡ ነበር። ጋሽዬ እዚያ ቢሆን ይወድቅ ነበር ብዬ። የልጅ ነገር።

እሱም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ።

የእሱን ነገር ስታነሺ ወሬ የምቀይረው ጨክኜ አይደለም። ነሐሴ ላይ እመጣለሁ፣ ቲኬት ቆርጫለሁ። ቡናና ስኳር ይዘን ሴትዮዋ ቤት እንሄዳለን፤ እምቢ ካልሽ ብቻዬን እሄዳለሁ። እስከዚያው ያን ሳልሽን ሐኪም አሳዪው። በስልክ በሰማሁት ቁጥር ቀና ብዬ ጣሪያውን አያለሁ።

ልጅሽ ሚሚ