የጋሼ ካሴቶች አሁንም አሉ?

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

እንዴት ሰነበትክ? እማማስ እግራቸውን ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከተጠፋፋን ቆየን። በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሰህ» ከመባባል አልፈን በደንብ ያወራነው መቼ እንደሆነ እንጃ። በጣም ናፍቀኸኛል።

እኛ ከተማው ዳር ወጥተናል፤ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ለሥራ ይርቃል፤ የታክሲው ሰልፍም ያማርራል። ማታ ግን ጸጥ ይላል። መብራት ካልጠፋ በስተቀር ልጆቹ ሲተኙ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሙዚቃዎቼን አጸዳለሁ። ያኔ ከሙዚቃ ቤት በፍላሽ ያስሞላናቸው፣ ከሲዲ የገለበጥናቸው፣ ከቴሌግራም የወረዱት፣ ሁሉም አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ተከምረዋል። ግማሾቹ ስማቸው «ትራክ 01» ነው። አንዳንዱ ላይ የዘፋኙ ስም የለም፤ የሙዚቃ ቤቱ ስልክ ቁጥር ግን አለ።

በጣም የሚያደክመው የስም ነገር ነው። ጥላሁን ገሠሠ እኔ ዘንድ ብዙ ሰው ሆኖ ነበር። በላቲን ፊደል ሁሉም እንደመሰለው ጽፎታል፤ የድሮ ዘፈኖቻችንን ያሳተሙት የፈረንሳዮቹ የኢትዮፒክስ ሲዲዎችም የራሳቸው አጻጻፍ አላቸው። በእኛ ፊደል ሲሆንም «ገሠሠ» እና «ገሰሰ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም በእኛ ፊደል፣ በአንድ አጻጻፍ ልጽፍ ወሰንኩ። ብዙ ፕሮግራሞች ደግሞ የአባትን ስም እንደ ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ይቆጥሩና ማሕሙድን «አሕመድ» ተራ ላይ ያስቀምጡታል። እሱንም አንድ በአንድ ወደ ራሱ ስም እየመለስኩ ነው።

የዘፈኑና የዘፋኙ ስም እዚያው ኤምፒ3 ፋይሉ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ታግ ይሉታል። የድሮው ዓይነት ታግ ለርዕስ 30 ፊደል ብቻ ነበር የሚይዘው፤ የእኛን ፊደልም አይችልም። በጥያቄ ምልክት የተሞሉ ርዕሶች የምታየው በዚህ የተነሳ ነው። አዲሱ ዓይነት ዩኒኮድን፣ ማለትም የእኛንም ፊደል የሚያካትተውን የኮምፒውተር አጻጻፍ፣ ስለሚቀበል ሁሉንም ወደዚያ ቀይሬያለሁ።

ዓመተ ምሕረቱም አለ። ካሴቱ ላይ 1978 ከተባለ የእኛ አቆጣጠር ነው። ፕሮግራሙ ግን በፈረንጅ ይቆጥረውና ከመጨረሻዎቹ ሸክላዎች ጎን ይሰድረዋል። እኔ የፈረንጁን በዓመት ቦታ፣ የእኛን በማስታወሻ ቦታ እጽፋለሁ። መንታ የሚመስሉ ፋይሎችን ሳልሰማ አላጠፋም፤ አንድ ዘፋኝ ያንኑ ዘፈን በሌላ ባንድ ደግሞ ተጫውቶት ሊሆን ይችላል።

ፒካርድ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የዘፈኑን የድምፅ አሻራ ወስዶ ሙዚክብሬይንዝ ከሚባለው መዝገብ ጋር ያመሳክራል። ለውጭ ሙዚቃ ግሩም ነው። ለእኛ ካሴቶች ግን ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። መዝገቡን የሚሞሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ማንም ያላስገባውን ከየት ያመጣል?

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? ማን አቀናበረው? ያጀበው ሮሃ ባንድ ነው ወይስ ዋልያስ ወይስ ኢትዮ ስታር? ፋይሉ ላይ የዘፋኙ ስም ብቻ ይቀርና ሌሎቹ ሁሉ ይረሳሉ። ያን ድምፅ የሠሩት እኮ እነሱም ናቸው። ስማቸው ያለው ካሴቱ ሽፋን ላይ ነው፤ ሽፋኑን ደግሞ አብዛኛው ሰው ጥሎታል።

ጋሼ ግን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አይጥሉም ነበር። ካሴቶቻቸው አሁንም አሉ? ካሉ እባክህ ሽፋኖቹን ፎቶ አንሳልኝ፤ የውስጡን ገጽ እንዳትረሳ። በቴሌግራም ስትልክ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ላከው፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርድና ደቃቁ ጽሑፍ አይነበብም።

ካሴቶቹን ባገኘኸው ቴፕ አታጫውታቸው፤ ክሩን እንዳይበላው። እርጥበት ከሌለበት ቦታ አስቀምጣቸውና አዲስ አበባ ስትመጣ ይዘሃቸው ና። ደህና ማጫወቻ አለኝ። በኤምፒ3 ሳይሆን ጥራቱን በማይቀንሰው በፍላክ እንቀዳቸዋለን። አንዴ በኤምፒ3 የተጨመቀ ድምፅ የጥራት ቁጥሩን (ቢትሬት የሚሉትን) ከ128 ወደ 320 ብታሳድገው የጠፋው አይመለስም። አንዱን ቅጂ እኔ ጋ፣ አንዱን አንተ ጋ እናስቀምጣለን። ስሞቹንም አብረን መዝገቡ ላይ እናስገባለን። አንተ የባንዶቹን ድምፅ ከእኔ በተሻለ ትለያለህ።

ከጥምቀት በፊት ብትመጣ ደስ ይለኛል። ቁርጡን ጻፍልኝ።

ወንድምህ